ነዳጅ የማትጠጣው የሁሩታ መኪና

መኪና ልገዛ ነው ብዬ አፌን ከከፈትኩ ጀምሮ ናዝሬት ውስጥ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው አጣሁ። ጸጉሬን የምትሠራኝ ልጅ ታውቃለች። ቤት አከራዬ ያውቃል። ጥግ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር "ነጭ እንዳትገዢ፣ የናዝሬት አቧራ ይጫወትብሻል" ብላ መክራኛለች፤ እሷስ ቢያንስ እውነቷን ነው። የገረሙኝ ወንዶቹ ናቸው። መኪና የሌለው ወንድ ስለ መኪና ሲያወራ ድምፁ ይጎረንናል፣ እጁን ኪሱ ይከታል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። መኪና ያለው ዝም ነው፤ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ውሎ ስለሚመጣ ለወሬ አቅም የለውም።

እኔ ደግሞ ቀልድ ላይ አልነበርኩም። ከኩዌት ከተመለስኩ ገና ወራት ነው። ስሄድ ልጄ ሃና ድክ ድክ ማለት መጀመሯ ነበር፤ ስመለስ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ያሳደገቻት እህቴ ናት፤ አሁን ሦስታችንም አንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ነን። ክፍል ውስጥ ስገባ ሃና ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ወንበር ትለቅልኛለች። ጎረቤቶች "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት" ይላሉ። እኔ ግን ለእንግዳ የሚደረገውን ነገር አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ጸጉሯን እየጎነጎንኩላት "መቼ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ። ትሄጃለሽ ወይ አላለችኝም። መቼ ነው አለችኝ።

እንግዲህ ላለመሄድ መኪና ያስፈልገኝ ነበር። ኩዌት መጀመሪያ ቤት አጸዳ ነበር፤ በኋላ ማዳም መንጃ ፈቃድ አስወጥታልኝ ልጆቿን ትምህርት ቤት ማመላለስ ሆነ ሥራዬ። በእጄ ያለው ሙያ መንዳት ብቻ ነው። ያጠራቀምኩት አንዲት ትንሽ ያገለገለች መኪና ይገዛል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። በስልክ አፕ የሚጠራ ታክሲ ልሠራ አሰብኩ። መኪናዋ ከሠራች እኖራለሁ። ከተበላሸችብኝ፣ ወይም የማገኘውን ሁሉ ለቤንዚን ከገበረችብኝ፣ ተመልሼ ኩዌት ነኝ። ማዳም ደግሞ "ቪዛሽ ዝግጁ ነው፣ እስከ እሁድ ካልነገርሽኝ ሌላ ሴት እቀጥራለሁ" ብላ ቀን ቆርጣልኛለች። እሁድ እየመጣ ነው፣ መኪና የለም፣ ምክር ግን ይዘንባል።

"ትልቅ መኪና ግዢ፣ ሰው ያከብርሻል" አለኝ አከራዬ። እኔ መከበር ፈልጌ አይደለም እኮ፣ ተሳፋሪ ፈልጌ ነው። "የዕቃ መጫኛዋ ሰፊ ይሁን" አለኝ ሌላው። ከገበያ እስከ መናኸሪያ ለሚሄድ ሰው በግ የሚጭንበት ላዘጋጅለት ነው? "ኤሌክትሪክ ግዢ፣ ነዳጅ ድሮ ቀረ" ያሉኝም ነበሩ። ለሚችል ሰው ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። እኔ ግን ተከራይ ነኝ። አከራዬ ካውያ ስሰካ በር አንኳኩቶ "ቆጣሪው እየሮጠ ነው" የሚል ሰው ነው፤ እሱ ግቢ ውስጥ መኪና ልሰካ? የፈለግኩት ግልጽ ነበር። ሞተሯ ትንሽ የሆነች፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ የሚገኝ፣ አንዴ ከቀዳሁላት ቶሎ ወደ ሰልፍ የማትመልሰኝ። ማደያ ተሰልፎ የሚውል ታክሲ ታክሲ አይደለም፣ ወንበር ነው።

ትንሿ ቪትዝ ትሁን ብዬ ወሰንኩና ደላሎች ጋ ብቻዬን ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀና ብሎ አየኝና ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገ።

"ባለቤትሽ የት አለ?"

"የለኝም።"

"እሺ ወንድምሽ?"

"የምነዳት እኔ፣ የምገዛት እኔ። ለምን እኔን አታናግረኝም?"

"ኧረ ለራስሽ ብዬ ነው የኔ እናት! ወንድ ይዘሽ ነይ፣ እንዳትሸወጂ።"

ልብ በሉልኝ። የሚሸውደኝ እሱ ነው፤ እንዳይሸውደኝ ወንድ ይዤ እንድመጣ የሚመክረኝም እሱ ነው። የሄድኩበት ሁሉ ቃሉ አንድ ነው፣ ወንድ ይዘሽ ነይ። መኪና ልገዛ የሄድኩ ሳይሆን ጋብቻ ልጠይቅ የሄድኩ መሰለኝ። ጊዜ ስላልነበረኝ ወንድ ያዝኩ። አጎቴን ጋሽ በየነን።

ጋሽ በየነ የእናቴ ወንድም ናቸው። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔንና እህቴን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፣ በዚህ አንደበቴ ይታሰር። ከመዘጋጃ ቤት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የናዝሬት ሙቀት ድንጋይ በሚያላብበት ቀን እንኳ ኮታቸውን አያወልቁም። በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም። ግን "መኪና ልገዛ ነው፣ አብረውኝ ይሂዱ" ስላቸው "እኔን መጠየቅሽ ጥሩ ነው" አሉኝ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመኪና ሊቅ ሆኑ።

አፈታተናቸውን ብታዩ! መኪናዋን አንድ ጊዜ ይዞሯታል። በሩን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉታል፣ እንደ ሐብሐብ። "ላሜራዋ ደህና ነው" ይላሉ። ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ ይነካሉ። ኮፈኑን ያስከፍቱና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ረጅም ጊዜ ይመለከታሉ። ከዚያ "እምም" ይላሉ። ደላላውም "እምም" ይላል። እኔ መሃል ቆሜ የሁለቱን እምምታ እሰማለሁ። ሞተሯን ላስነሳ ስል ሁለቱም ይቆጣሉ፣ "ቆይ እንጂ አንቺ!"

እንዲህ ስንዞር ሳሚ የሚባል ደላላ እጅ ወደቅን። ሳሚ ለስላሳ ነው። ቀሚስ የለበሰ ሰው ካለ አያይም፣ ኮት የለበሰውን ያያል። ገና ሰላም ሳይለን ጋሽ በየነን እጃቸውን ይዞ፣ "ፋዘር፣ እርስዎ የሚያውቁ ሰው መሆንዎን አይቻለሁ፣ ስለዚህ አልደብቅዎትም" አላቸው። ጋሽ በየነ ኮታቸውን አስተካከሉ። አበቃ። ከዚያ በኋላ ሳሚ ጋሪ ቢያሳያቸው ላሜራውን ኳ ኳ ያደርጉ ነበር።

"አንዲት ቪትዝ አለችኝ" አለ ሳሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የሁሩታ ናት።"

"የሁሩታ!" አሉ ጋሽ በየነ።

ይሄን ለማታውቁ ላስረዳ። ሁሩታ በአሰላ መንገድ በኩል ያለች ከተማ ናት፤ ስለ ሁሩታ መኪና በዚያን ሰሞን ናዝሬት ውስጥ ያልሰማ የለም። የሁሩታ መኪና ነዳጅ አይጠጣም ይባላል። ያሸተዋል እንጂ አይጠጣም። ምክንያቱን ሁሉም በየፊናው ያስረዳል። አንዱ ገበሬና እህል ነጋዴ ስለሚነዳው ነው ይላል። አንዱ ውሃው ነው ይላል፣ መኪና ውሃ የሚጠጣ ይመስል። ጋሽ በየነ ደግሞ የራሳቸው ነበራቸው።

"አየሩ ነው" አሉ ለሳሚ፤ ሳሚም አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጣቸው። "ደጋ አየር ሞተር ያሳርፋል። ያረፈ ሞተር ነዳጅ ምን ያደርግለታል?"

"ፋዘር፣ እንዲህ ያስረዳኝ ሰው የለም" አለ ሳሚ። ከዚያ ወደ እኔ መለስ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ሲስቱ፣ በኔ ወሬ አትመኚ። ሁሩታ ድረስ ወስጄሽ መሪውን ላንቺ እሰጥሻለሁ። በገዛ ዓይንሽ የነዳጁን መርፌ እያየሽ ነድተሽ ትመጫለሽ። መርፌው ከተንቀሳቀሰ እኔ ሳሚ አይደለሁም።"

ሰዎች፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። መሪውን ላንቺ እሰጥሻለሁ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወጣን። ሚኒባሷ ከመልካሳ በኋላ ዳገቱን ስትጀምር እያቃሰተች፣ ማርሽ እየቀያየረች፣ ሹፌሩ መስኮት አስከፍቶ፣ ረዳቱ "ጠጋ በሉ" እያለ ነው ያደረሰችን። ጋሽ በየነ በኮታቸው ላብ በላብ ሆነዋል። ሁሩታ ስንወርድ ግን ነፋሱ ፊታችንን ሲነካን "አየሩን አየሽው?" አሉኝ፣ እሳቸው ያስመጡት ይመስል።

የመኪናዋ ባለቤት ሐጂ ከማል የሚባሉ እህል ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው በር ላይ ጆንያ እያስቆጠሩ አገኘናቸው። "አካም ጅርቱ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ ምሳ ብሉ" አሉን። ሳሚ ቶሎ ብሎ "ይቸኩላሉ ሐጂ፣ እኔ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ" አለ። ሐጂም "እንግዲያው ጥሩ" ብለው ለጋሽ በየነ ስልክ ቁጥራቸውን ሰጥተው፣ ቁልፉን ለእኔ አቀበሉኝ። መኪናዋ ብርማ ናት፣ ታጥባ ታብረቀርቃለች። ጋሽ በየነ ኳ ኳ አደረጓት። አላለፈችም እንዳይባል በሁለቱም በኩል አደረጓት።

መርፌው ቀዩ ላይ ነበር። ሳሚ ከጀሪካን ትንሽ ቤንዚን ቀዳና "አሁን አስነሺ፣ መርፌው የት እንዳለ እዪ፣ ፋዘርም ይመስክሩ" አለ። መርፌው ከቀዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። ጋሽ በየነ ከጎኔ፣ ሳሚ ከኋላ ተቀመጡና ወጣን።

እውነቱን ልናገር፣ መኪናዋ ትንሳፈፍ ነበር። ደራን አለፍን፣ መርፌው እዚያው። ግራሩን፣ የበቆሎ ማሳውን እያሳለፍን ስንወርድ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሳሚ ከኋላ አንገቱን በመሃላችን አስገብቶ፣ "ሲስቱ፣ እግርሽን ከነዳጁ ላይ አንሺው እስቲ" አለኝ። አነሳሁት። መኪናዋ መሄዷን ቀጠለች።

"አየሻት? መንገዱን ታውቀዋለች!"

"ያረፈ ሞተር!" አሉ ጋሽ በየነ ጭናቸውን በእጃቸው እየመቱ።

መልካሳ ደርሰን አንድ ጭማቂ ቤት በር ላይ አቆምን። ሳሚ ቤቱን ያውቀዋል፣ ቤቱም ሳሚን ያውቀዋል፤ ሳናዝ ፓፓያ ጭማቂ መጣልን። ደንበኛ ሁሉ እዚህ እየመጣ እንደሚዋዋል የገባኝ ያኔ ነው። ሳሚ ዋጋ ጠራ። ጋሽ በየነ እምም አሉ። ሳሚ ትንሽ ቀነሰ። ጋሽ በየነ እኔን ሳያዩኝ፣ ሳይጠይቁኝ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው የሳሚ መዳፍ ላይ አጮኹት። በእኛ አገር ይሄ ከሆነ ግዢው አልቋል፤ ሽማግሌ እጁን መትቶ ወደ ኋላ አይልም።

እኔ ጭማቂዬን ይዤ የመጣንበትን መንገድ አያለሁ። ነገሩ ልቤ አልሞላልኝም፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ያኔ ከላይ አንድ ሰውዬ በብስክሌት መጣ። ሁለቱን እግሮቹን ከፔዳሉ አንስቶ ወደ ፊት ዘርግቷል። በአንድ እጁ ሸንኮራ ይዞ ይግጣል። እየበረረ መጥቶ አጠገባችን ሲደርስ ፍሬን ያዘና ፈገግ አለልኝ። ሰውዬው ከላይ እስከዚህ ድረስ አንዴም ፔዳል አልረገጠም።

የሱም ብስክሌት ነዳጅ አልጠጣችም!

ፊቴ እሳት ሆነ። አሥር ዓይነት ስድብ አፌ ላይ መጣ፣ ግማሹ በአረብኛ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

"እንመለስ" አልኩ።

"ወዴት?" አለ ሳሚ።

"ሁሩታ። በመጣንበት። አሁን ሽቅብ።"

ሳሚ ሳቀ። "የኔ እመቤት፣ መኪና እኮ ሽቅብ ለመውጣት አይደለም የሚገዛው።"

"ተሳፋሪዬን ሁሉ ቁልቁል ብቻ ነው የምወስደው? አሰላ የሚለኝን ምን ልበለው፣ ወርደህ ሂድ?"

"ፋዘር፣ ያናግሯት እንጂ!"

ጋሽ በየነ ተነሱ። ፊታቸው ጠቁሯል። "ልጄ፣ እጄን መትቻለሁ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።"

"የመቱት የእርስዎን እጅ ነው ጋሼ፤ የሚከፈለው ከእኔ ነው። ይግቡ፣ እንሄዳለን።"

ቁልፉ እኔ ጋ ስለነበር ገቡ። ምርጫ አልነበራቸውም። መኪናዋን አዙሬ ዳገቱን ስጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ ኤሲ ማብራት ነበር።

"ኤሲ አታብሪ!" ብሎ ሳሚ ከኋላ ጮኸ።

"ለምን? የናዝሬት ተሳፋሪ ኤሲ አይወድም?"

"አይ... ለሞተሯ አዲስ ስለሆንሽባት..."

እንዲህ ዓይነት መልስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ሞተሯ አፍራኛለች ማለቱ ነው እንግዲህ።

መኪናዋ ያንን ሁሉ መንሳፈፍ ረሳችው። እግሬን እስከ መጨረሻው ረግጬም ጋሪ ሊቀድመን ትንሽ ቀረው። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሞልቶታል። መርፌው እያየነው ወረደ። ጋሽ በየነ መርፌውን ያዩና ወደ ውጭ ያያሉ፣ ያዩና ወደ ውጭ ያያሉ። "እምም" እንኳ ጠፋቸው። ደራን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የሙቀቱ መብራት በራ፣ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ወጣ፣ መኪናዋ ሁለቴ አሳላትና ቆመች።

እኩለ ቀን ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች አስፋልት። የመኪናዋ ግማሽ አካል መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ከባድ መኪናም ስለሚመላለስ፣ ወደ ዳር መግፋት ነበረብን። እኔ መሪ ያዝኩ፣ ሳሚና ጋሽ በየነ ከኋላ ገፉ። ጋሽ በየነ፣ በኮታቸው። ልክ ዳር ስናስይዛት ሳሚ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ሲጠራ ግን አልሰማሁም። "አቤት፣ አቤት፣ መጣሁ" አለ። የምታልፍ ሚኒባስ አስቁሞ "መካኒክ ይዤ መጣሁ!" ብሎን ገባ። እስከ ዛሬ መካኒክ እየፈለገ ነው።

ጋሽ በየነ ለሐጂ ከማል ደወሉላቸው፤ "ከመንገድ ዳር አትራቁ፣ መጣሁ" አሏቸው። ግራር ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ሳሚ ስለሌለ እሳቸው ላይ ወጣ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ስለ መኪና ምን ያውቃሉ?"

ኮታቸውን አወለቁ። እኔ ኮታቸውን ሲያወልቁ ያየሁት ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተክሉ ብቻ ነው። አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ምንም" አሉ።

"ምንም?"

"ምንም አላውቅም ልጄ። ኮፈኑን ሲከፍቱት የማየው ሁሉ የበግ ሆድ ዕቃ ነው የሚመስለኝ።"

ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። "ታዲያ እጅዎን ለምን መቱ? ሌላ ገንዘብ የለኝም እኮ! ይቺን ገዝቼ ብትበላሽብኝ ምን ልሆን ነበር?"

"እሁድ ነገ ነው" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። አንቺ ጥሩ መኪና ነው የምትፈልጊው። እኔ መኪና ብቻ ነው የፈለግኩት። ጥሩ ሆነች መጥፎ ሆነች፣ ዛሬ ከገዛሽ ነገ ያቺን ሴትዮ አልመጣም ትያታለሽ። ካልገዛሽ ትሄጃለሽ።" መሬቱን በጫማቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉ። "ያኔ ስትሄጂ ቦሌ ድረስ የሸኘሁሽ እኔ ነኝ። ልጅቷን ታቅፌ። አትሂጂ ልልሽ ፈልጌ፣ ወንድ ሰው እንዲህ አይልም ብዬ ዋጥኩት። ዛሬም ዋጥኩት። ላሜራ ላሜራ ስል ከረምኩ።"

እናንተዬ፣ ይቺን አንዲት ቃል ለማውጣት መኪና መግፋት ነበረባቸው! ስንት ዓመት በኮት ውስጥ ሸፍነው ይዘዋት ኖሩ። የገዛ ልጁን አትሂጂ ማለት የሚያፍር፣ ስለማያውቀው ሞተር ግን በሰው ፊት አዋቂ መስሎ መቆም የማያፍር ወንድ አገሬ ውስጥ ስንት እንዳለ እግዜር ይቁጠረው። ተናድጄባቸው ነበር። ወድጃቸውም ነበር። 

የቆመችውን መኪና ሳይ አንድ ነገር ታየኝ። እኔስ ማንን እየጠየቅኩ ነው? ሳምንቱን ሙሉ መኪና ከተገኘች እቀራለሁ፣ ካልተገኘች እሄዳለሁ እያልኩ ነው የከረምኩት። ከልጄ ጋር ለመኖር ከነዳጅ መርፌ ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው። መርፌው ከወረደ ሂጂ፣ ካልወረደ ቅሪ! በሳሚ ስስቅ፣ በጋሽ በየነ ስስቅ፣ ዳር ቆሞ የሚሳቅበት ሌላ ሰው ነበር።

ስልኬን አወጣሁና ለማዳም የድምፅ መልእክት ቀዳሁላት። በአረብኛ፣ አጭር። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ አልመጣም፣ ሌላ ሴት ቅጠሪ። ላክሁት።  መኪና የለኝም፣ ሥራ የለኝም፣ የተበላሸ የሰው መኪና አጠገብ ግራር ስር ነኝ።

ጋሽ በየነ አረብኛ አይሰሙም። "ምን አልሻት?" አሉኝ።

"ኸላስ አልኳት።"

"ኸላስ ምንድነው?"

"አበቃ ማለት ነው። አልሄድም።"

ራሳቸውን ወደ ሌላ በኩል አዞሩ። ኮታቸውን ፈታ አድርገው ፊታቸውን ጠረጉበት፤ ላብ ነው አሉኝ።

ሐጂ ከማል በፒክአፕ ከነጀሪካን ውሃ ደረሱ። መኪናዋን እንዳዩ ራሳቸውን ያዙ። "ሞተሯ ዘይት ትበላለች፣ መታደስ አለባት ብዬ ነግሬው ነበር እኮ! ለገዢዎቹ ነግሬያቸዋለሁ አለኝ። ወላሂ፣ አልነገራችሁም?" አሉ። እኛ የሰማነው ነገር አልነበረም። ይቅርታ ሲሉን ያፈርነው እኛ ነን። እምቢ ብንል ናዝሬት ድረስ በራሳቸው መኪና አደረሱን። መንገድ ላይ ጋሽ በየነ አንድም ጊዜ ላሜራ አላነሱም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ መኪናዬን የገዛሁት ከዚያ ቆይቶ ነው። እሁድ ስላለፈ የሚያስቸኩለኝ አልነበረም፤ ሰው ሳይቸኩል ሲገዛ ደላላ ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ እንዴት እንደሚደርቅ ብታዩ ትደሰታላችሁ። እንደገና ቪትዝ ናት፣ ቀለሟ የተቦጫጨቀ፣ የኋላ መብራቷ በፕላስተር የተያዘ። ማንም ኳ ኳ አላደረጋትም። ሁሩታ ወጣሁባት፣ ኤሲ በርቶ፣ ጋሽ በየነን ከነኮታቸው አስቀምጬ፤ ከዚያም ወረድኩ። ያልወጣ መኪና አልገዛም ነው ያልኩት። ከናዝሬት ሞጆ፣ ከሞጆ ናዝሬት ስመላለስ ከብዙዎቹ ጓደኞቼ ያነሰ ሰልፍ እሰለፋለሁ። ትልቅ መኪና የገዛው አከራዬ ማደያ በር ላይ እጁን ያውለበልብልኛል። ይከበራል፣ አልካድኩም። ከሰልፉ ግን አይወጣም።

ሳሚ አሁንም አለ፣ አሁንም መልካሳ ላይ ጭማቂ ይጋብዛል ይሉኛል። ተጋባዦቹም አያልቁም። የሚያታልል ሰው አይገርመኝም፤ እንጀራው ነው። የሚገርመኝ ቁልቁል የሄደለትን ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ እጁን የሚመታው ነው። ጋሽ በየነ ደግሞ ዛሬ ሰፈር ውስጥ "መኪና የሚፈተነው በዳገት ነው፣ እኔ ለእህቴ ልጅ ያልኳት ይሄንኑ ነው" እያሉ ያስተምራሉ። ሰው ተሰብስቦ ያዳምጣቸዋል። እምም ይላል። አልፌ ስሄድ ጥሩምባ ነፍቼ ሰላም እላቸዋለሁ፤ አላጋልጣቸውም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፊቴ አቧራ፣ እጄ ጥቀርሻ ሆኖ ቤት ስገባ ሃና በር ላይ ነበረች። "መኪናዋስ?" አለችኝ። "አልገዛሁም" አልኳት። ፊቷ ምንም አላለም፤ እንዲህ ያለ መልስ የለመደች ልጅ ፊት ነው። "ግን አልሄድም" አልኳት። "መኪና ኖረም አልኖረም አልሄድም። ነግሬያታለሁ፣ ሌላ ሰው ልትቀጥር ነው።" ቆማ አየችኝ። አላቀፈችኝም፣ አልዘለለችም። ዞር ብላ ወደ ክፍሌ ገባች። ስከተላት፣ ከመጣሁ ጀምሮ አልጋዬ ስር የነበረውን፣ ልብሴን ከውስጡ እያወጣሁ የምለብሰውን፣ አንድ ቀን እንኳ ያላራገፍኩትን ሻንጣ ጎትታ አውጥታ ዚፑን ከፍታለች። ልብሴን አንድ በአንድ እያወጣች የሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ትሰቅላለች፤ የራሷን ልብስ ወደ ጥግ ገፍታ ቦታ ሰጥታኝ። ባዶ ሲሆን ሻንጣውን በሁለት እጇ አንስታ ግቢ ወጣችና ለጎረቤታችን ለአዲሷ ሙሽራ ሰጠቻት። አላስፈቀደችኝም።